ለዓይን አፋር እንቁራሪት ከፊት የሚከፈት ቤት ይሻላል ወይስ ከላይ?

እንቁራሪት ለማሳደግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሊትር ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔ ግን አሁን ቀድሜ የማየው በሩ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

የመጀመሪያዋን እንቁራሪቴን ለዓሣ የተሠራ አኳሪየም ውስጥ አስገባኋት። ፏ ያለ መስታወት፣ በአራቱም በኩል ወለል ብሎ የሚታይ። ክዳኑን ባነሳሁ ቁጥር እጄ ከላይ ይመጣባታል። ለእንቁራሪት ደግሞ ከላይ የሚመጣ ጥላ ሊበላት የመጣ ወፍ ነው። ደንግጣ ትዘልና ከመስታወቱ ጋር በአፍንጫዋ ትላተማለች። ውሎ አድሮ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ቀይ ቁስል አየሁ። ፌንጣ ሳቀርብላትም ዞር ብላ አታይም ነበር።

ከፊት የሚከፈተው ቴራሪየም (ውሃ ሳይሆን አፈርና ተክል የሚገባበት የመስታወት ቤት) ይህን ጣጣ ይቀንሳል። እጃችሁ የሚገባው በእሷ ቁመት ልክ ነው፤ ሲመጣ ታየዋለች። የውሃ ሳህኑን ለመቀየር ቅጠሉን ሁሉ ማተራመስ የለባችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ቁመት ስላለው (45 በ45 በ60 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ልክ ነው) እንደ ባለ ቀይ ዓይኗ ላሉ የዛፍ እንቁራሪቶች ይመቻል። እነሱ የሚፈልጉት ወደ ላይ መውጣት ነው።

እንከን ግን አያጣም። ዋጋው ከተራ አኳሪየም ይወደዳል። ጣሪያው ወንፊት ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ያመልጣል፤ ገሚሱን በመስታወት ወይም በላስቲክ መሸፈን ያስፈልጋል። በሩ ሥር ባለው ክፍተት ትንንሽ ፌንጣዎች ሾልከው ይወጣሉ፣ ሌሊቱንም ሲዘፍኑላችሁ ያድራሉ። ጥልቅ ውሃም አይይዝም።

እንግዲህ ከላይ የሚከፈተው ጭራሽ አይረባም ማለት አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ ለምትኖረው ለአፍሪካ ድንክ እንቁራሪት ከእሱ ሌላ አማራጭ የለም። ክዳኑ ብቻ በደንብ ይገጠም፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ ስለምትወጣ ውሃውም በጣም አይጥለቅ። አፈር ውስጥ ተቀብራ ዓይኖቿን ብቻ አውጥታ ለምትውለው፣ ፓክማን ለምትባለው አፈ ሰፊ እንቁራሪትም ይሆናል። ለእሷ የሚያስፈልጋት ወለል እንጂ ቁመት አይደለም፤ 75 ሊትር ገደማ ይበቃታል። ጓደኛ አታምጡላት፣ ትበላዋለች።

አኳሪየም ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። ሦስቱን ጎን ከውጭ በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። ከመሬት አንስታችሁ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አንዱን ጥግ ምግብና ውሃ ብቻ የሚገባበት አድርጉ፤ እጃችሁ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ይግባ። እኔ እንዲህ ካደረግሁ በኋላ ነው አፍንጫዋ የዳነው።

የፕላስቲክ ሳጥንስ? ለዓይን አያምርም፤ እንቁራሪቷን ብትጠይቋት ግን ምናልባት እሱን ትመርጥ ነበር። ጎኑ ስለማያሳይ ትረጋጋለች። የአየር ቀዳዳ ብሱለትና አዲስ የመጣችን እንቁራሪት ለመጀመሪያው ወር ለብቻዋ ለማቆየት ተጠቀሙበት። ዙሪያውን ወንፊት የሆነውን ቤት ግን ለእስስት ተዉት፤ እንቁራሪትን ያደርቃታል።

ከቤቱ ቀጥሎ መደበቂያ ነው። ብዙ ሰው "መደበቂያ ካበዛሁ መቼ አያታለሁ?" ይላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አንድ ዝላይ ርቀት ላይ መሸሸጊያ እንዳለ የምታውቅ እንቁራሪት ደፍራ ትወጣለች። ቢያንስ ሁለት አድርጉላት፦ አንዱ ሞቅ ባለው በኩል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ባለው። የዛፍ ቅርፊትና ሰፋፊ ቅጠል ይበቃል። የማሞቂያ ምንጣፍ ካስገባችሁ በጎን በኩል ይለጠፍ እንጂ ከታች አይሁን፤ ቆፋሪዋ ሙቀት ሲበዛባት የምትሸሸው ወደ ታች ነውና።

ወለሉ ላይ ትንንሽ ጠጠር አታንጥፉ። ፌንጣ ስትቀልብ አብራ ትውጠውና አንጀቷን ይዘጋባታል። የኮኮናት ቃጫ ብናኝ ይሻላል። ውሃውንም አስቡበት። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ውሃውን ክፍት አድርጋችሁ ብታሳድሩት ይተናል። ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ የውሃ ማከሚያ) ግን እንዲህ በቀላሉ ስለማይለቅ ማስወገጃ ጠብታ ይፈልጋል።

ልትገዙ ስትሄዱ የውሃ ሳህኑን ይዛችሁ ሂዱ። በሩን ከፍታችሁ፣ ሳህኑን በአንድ እጅ አስገብታችሁ አውጡት። ክርናችሁ ከተጋጨ ወይም በሩ ሲከፈት "ቋ!" ካለ፣ ሌላ አሳዩኝ በሉ።