ለአረብኛ ጽሕፈት ስቲከር ይሻላል፣ የሲሊኮን ልባስ ወይስ አዲስ ኪቦርድ?

ኮምፒውተራችሁ አረብኛ እንዲጽፍ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ዊንዶውስም ማክም አረብኛን ይዘው ነው የሚመጡት። ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት ቁልፉ ላይ የሚታየውን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋውን ጨምሩ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ገብታችሁ አረብኛን ትመርጣላችሁ። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስን ስትጫኑ ቋንቋው ይቀየራል።

ላፕቶፓችሁ ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቁልፎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ የአረብኛ ፊደል ከፋብሪካው ታትሞባቸው ነው የሚመጡት። እንዲህ ከሆነ ምንም አትግዙ።

ፊደሉ ለሌላችሁ የእኔ ምርጫ ስቲከር ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ካልተመቻችሁም ይነሳል። ሁለት ዓይነት አለ። ጥቁር ወይም ነጭ መደብ ያለው የድሮውን ፊደል ይሸፍናል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛው አብሮ የታተመበትን ውሰዱ። መብራት ላለው ኪቦርድ ግን ብርሃን የሚያሳልፈው ግልጹ ይሻላል። ከመለጠፋችሁ በፊት ቁልፎቹን በአልኮል ጥረጉና ይድረቁ። በጣት ከመለጠፍ ወረንጦ መጠቀም ይሻላል፤ ትንሽ ከተጣመመ ጠርዙ ቶሎ ይላቀቃል።

ስትገዙ «ቢ» የሚለውን ቁልፍ ተመልከቱ። ላም እና አሊፍ የሚባሉት ሁለት የአረብኛ ፊደሎች ተያይዘው (ላ) ተጽፈውበት ከሆነ የዊንዶውስ አቀማመጥ ነው። ይህን ማክ ላይ ከለጠፋችሁ ዝም ብላችሁ «አረቢክ» የሚለውን አትምረጡ። ያኛው የታችኛውን ረድፍ ለየት አድርጎ ነው የሚደረድረው። «አረቢክ ፒሲ» የሚለውን ውሰዱ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 101 እና 102 የሚባሉ የአረብኛ አቀማመጦች አሉ። 101 ላይ ዛል የምትባለው ፊደል (ذ) የምትገኘው ከ1 ቁጥር በስተግራ ነው። ስቲከራችሁም እዚያው ካስቀመጣት 101ን ምረጡ።

ቁርኣን ወይም የአረብኛ ሰዋስው የምትማሩ ከሆነ ሐረካዎቹ (ከፊደሉ በላይና በታች የሚቀመጡት የአናባቢ ምልክቶች) የታተሙበትን ፈልጉ። ሺፍትን ይዛችሁ «ኪው»ን (Q) ስትጫኑ ፈትሓ፣ «ኢ»ን (E) ስትጫኑ ደማ፣ «ኤ»ን (A) ስትጫኑ ከስራ የሚባሉት ምልክቶች ይወጣሉ። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ለጀማሪ ይከብዳል።

የሲሊኮን ልባስ አቧራና የፈሰሰ ቡና ይከላከላል። ግን ለላፕቶፓችሁ ሞዴል በልኩ የተሠራ መሆን አለበት። የኢንተር ቁልፍ ቅርጽ እንኳ ከተለያየ አይገጥምም። ጣት ሥር ልስልስ ስለሚል ፍጥነት ይቀንሳል። ክዳኑን ስትዘጉም ስክሪኑን እንዳይጫነው አንሱት። እኔ ብዙም አልመክረውም።

አረብኛ የታተመበት ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ የሚሰካ ነው። የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ ለአስተርጓሚ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚ፣ አረብ አገር ቢሮ ለሚሠራ። ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ሸክም ይሆናል።

በወር አንዴ ስም ወይም አድራሻ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና «ኦ» አንድ ላይ ሲጫኑ የሚመጣው የስክሪን ኪቦርድ ይበቃዋል። ማክ ላይ ደግሞ «አረቢክ ኩወርቲ» አለ፤ ፊደሎቹን በእንግሊዝኛው ድምፅ ያስቀምጣቸዋል። ቶሎ ይለመዳል፣ ግን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ አይጠቅማችሁም።

የቱንም ብትመርጡ፣ የመዝጊያው ነጥብ ያለቦታው ሄዶ ዓረፍተ ነገሩ ከተመሰቃቀለባችሁ ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም። ዎርድ ላይ የቀኙን ኮንትሮልና የቀኙን ሺፍት አንድ ላይ ተጫኑ፤ አንቀጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል።