ለተሳቢ ጎማ፦ የቤት መኪናው ወይስ የራሱ?

ለማደሪያ ተሳቢ (መኪና ለሚጎትተው ማደሪያ ክፍል) ጎማ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስሄድ፣ ሻጩ የቤት መኪና ጎማ ይዞልኝ መጣ። «ጎማ ጎማ ነው ወንድሜ!» አለኝ። አይደለም።

የቤት መኪና ጎማ ጎኑ ለስላሳ ነው። ለተሳፋሪ ይመቻል፤ ተሳቢን ግን ያወዛውዛል። ተሳቢ ላይ ሲገጠም ደግሞ የተጻፈለት የመሸከም አቅም ለ1.1 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው። ለተሳቢ ተብሎ የተሠራው፣ «ኤስቲ» (ST) የሚል ምልክት ያለው፣ ጎኑ ጠንካራ ነው፤ ሸክም ይችላል። ፍጥነት ግን አይወድም፤ ጎኑ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት ጣሪያው በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለነገሩ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ተሳቢ እየጎተተ ማን ይከንፋል? ሁለተኛውን መረጥኩ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች እዩ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማ ያረጃል።