ለምታጠባ እናት የቱ ይሻላል፣ ሚኒ ፒል ወይስ ኮምባይንድ ፒልስ?

ሁለቱም ፒልስ፣ ማለትም በየቀኑ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ፣ ነው የሚባሉት ግን ለምታጠባ ሴት በጣም ይለያያሉ። ኮምባይንዱ ፕሮጀስቲንና ኢስትሮጅን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች አሉት፣ ጣጣው ኢስትሮጅኑ ነው፣ ወተት ሊቀንስ ይችላል፣ በዛ ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም የመርጋት አደጋ አለ፣ ለዛም ነው የአለም ጤና ድርጅት ለምታጠባ እናት ከ6 ሳምንት በፊት አይሰጥ፣ እስከ 6 ወርም ሌላ አማራጭ ካለ ይቅር የሚለው።

ሚኒ ፒል ፕሮጀስቲን ብቻ ስለሆነ ወተቱን እምብዛም አይነካም። የሱ ችግር ደሞ ሰዓት ነው! የተለመደው አይነት ከምትውጪበት ሰዓት 3 ሰዓት ካለፈ እንደረሳሽ ነው የሚቆጠረው፣ ያስታወስሽ ጊዜ ዋጪውና ለ2 ቀን ኮንዶም ጨምሪበት። ሌሊትና ቀኑ ለተምታታባት እናት ይሄ ቀላል አይደለም፣ አላርም ሙይ በቃ። 28ቱም ፍሬ መድሃኒት ነው፣ እረፍት የለውም፣ ፓኬቱ ሲያልቅ በማግስቱ አዲስ ትጀምሪያለሽ። አልፎ አልፎ ደም ጠብ ጠብ ይላል፣ ያናድዳል እንጂ ብዙም አያሰጋም።

የቲቢው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድሃኒቶች ግን ሁለቱንም ያዳክማሉ፣ ለሃኪም ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድሃኒትም ወተት ይቀንሳል፣ ሰው ግን ፒልሱን ነው የሚጠረጥረው።

እኔ ብሆን እስከ 6 ወር ሚኒ ፒል፣ ከዛ ሰዓት መጠበቁ ካቃተኝ ሃኪም አማክሬ ወደ ኮምባይንዱ።