ፌድ የማይችሉት የካስልባር ፀጉር አስተካካይ

ከፀጉሩ ልጀምር። ፌድ፣ ማለትም ከጎን እየሳሳ የሚሄደውን ቁርጥ፣ ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ አትምጡ። ሽማግሌው ፌድ አይችሉም። የኔን ዓይነት ፀጉር ሲያዩ መጀመሪያ ዝም ብለው ያስተውሉታል፤ ማሳው ጫፍ ቆሞ ከየት ልጀምር የሚል ገበሬ ይመስላሉ። ከዚያ ቶንዶሱን ያነሱና ከላይ እስከ ታች በአንድ ቁጥር ይሄዱበታል። ሁለት ጊዜ ከጆሮዬ በላይ ያለውን መስመር አጣመውብኛል። ባለቤቴ አንድ ቀን በር ከፍታ አየችኝና "በግ ነው እንዴ የሸለቱህ?" አለችኝ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ግን ሌላ ፀጉር ቤት ሄጄ አላውቅም።

ቤቱ ያለው አየርላንድ፣ ማዮ ካውንቲ፣ ካስልባር ከተማ ነው፤ ከማክሄል ፓርክ ስታዲየም ብዙ አይርቅም። ስሙን አልጽፍም። "ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጣኝ" ብለው አስጠንቅቀውኛል። እዚያው ያላችሁ አበሾች ግን በበሩ ታውቁታላችሁ፤ አረንጓዴና ቀይ ነው፣ የማዮ ማሊያ ቀለም። መሀሉ ላይ ቢጫ ብቻ ነው የጎደለው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የገባሁትም ከሩቅ ሐበሻ ቤት መስሎኝ ነው።

ዋጋው 15 ዩሮ፣ ካሽ ብቻ። ቀጠሮ የለም፣ ሰኞ ዝግ ነው። ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ ግን ጋዜጣ ስለተከመረበት የሚሠራው አንዱ ነው። አልኮል አይነፉላችሁም፣ ፎጣ አያሞቁላችሁም። አንድ ራስ አርባ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ምክንያቱም ወሬው የሞቀ እንደሆነ ቶንዶሱ አየር ላይ ይቀራል።

ወሬው ደግሞ አንድ ነው፤ ጌሊክ ፉትቦል። ለማታውቁት ባጭሩ፦ በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱን በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ከአግዳሚው በላይ ከሰደድከው አንድ ነጥብ (ከ2025 ወዲህ ከሩቅ ከሆነ ሁለት)፣ መረቡ ውስጥ ካገባኸው ሦስት። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። እሁድ ደብሊን፣ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ 82,000 ሰው ፊት የሮጠው ልጅ በሥራ ቀን መምህር ወይም ፖሊስ ነው። ዝውውር የሚባል ነገርም እንደኛ ኳስ አይደለም። ለተወለድክበት ሰፈር ክለብ ትጫወታለህ፣ ጎበዝ ከሆንክ ለካውንቲህ ትመረጣለህ። እናም እዚህ ቤት ስለ ተጫዋች ሲወራ ስለ ኮከብ አይወራም። "የእገሌ ልጅ፣ እናቱ ከእገሌ ጎን የምትኖረው" ነው የሚባለው። ቀዬ ነው እንግዲህ።

ማዮ የአየርላንድን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የበላው በ1951 ነው። ከዚያ ወዲህ ለፍጻሜ ደርሶ የተመለሰበትን ሽማግሌው ማበጠሪያቸውን ወደ ፎቶዎቹ እየቀሰሩ ይቆጥሩታል፤ 1989፣ 1996፣ 1997፣ 2004፣ 2006፣ 2012፣ 2013፣ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2021። አንዱንም አይዘሉም። ሌላው ሰው ልደት እንደሚያስታውሰው ነው የሚያስታውሱት።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው 1996 ነው። ማዮ በሁለተኛው አጋማሽ ሚዝ ካውንቲን በስድስት ነጥብ እየመራ ነበር። ሚዞች አንድ በአንድ እየለቀሙ ደረሱበት። መጨረሻ ላይ ኮልም ኮይል ከሩቅ የለጋው ኳስ መሬት ላይ ነጥሮ በአግዳሚው ላይ አለፈ። አቻ! "ነጥሮ እኮ ነው!" ይላሉ ሽማግሌው፣ ትናንት የሆነ ይመስል። በድጋሚው ጨዋታ ገና ከመጀመሩ ትልቅ ድብድብ ተነሳ። ዳኛው ከሚዝ ኮይልን፣ ከማዮ የባሊናውን ሊያም ማክሄልን አስወጣ። ማክሄል የመሀል ሜዳው ምሰሶ ነበር፤ የቅርጫት ኳስም ይጫወት ነበር፣ ዘለግ ያለ። ማዮ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ሰውየው መውጣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው እዚህ ቤት እስካሁን አልተዘጋም። እኔ ዝም ነው የምለው። በሰው እጅ ምላጭ እያለ ክርክር አያስፈልግም።

2016ን ግን እኔም አለሁበት። ካስልባር ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነበር። በመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ ደብሊን ሁለት ጎል አገባ፤ ሁለቱንም ያገቡለት የማዮ ልጆች ናቸው፣ በራሳቸው መረብ ላይ! እንዲያም ሆኖ አቻ ወጡ። በማግስቱ ሰኞ ስለሆነ ዝግ ነበር፤ ማክሰኞ ስሄድ ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቷል። ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ ግን ሦስት ሰው አይሞላም። ሌላው ለቅሶ ሊደርስ ነው የመጣው። በድጋሚው ደግሞ ዋንጫው በአንድ ነጥብ ሄደ። በ2017 እንደገና በአንድ ነጥብ! ያኔ የደብሊኑ ዲን ሮክ በባከነ ሰዓት ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር፣ የዌስትፖርቱ ሊ ኪገን ጀርባው ላይ የሚታሰረውን ጂፒኤስ መዝዞ ወረወረበት። ሮክ አልደነገጠም፣ አገባው። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ኪገንን አይወቅሱትም። "ሌላ ምን ነበረው?" ይላሉ።

አንድ ቀን የኛን ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ። የአፍሪካ ዋንጫን በ1962 አዲስ አበባ ላይ በልተን እስከ ዛሬ እንዳልደገምነው። በ2013 ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረን፣ እዚያው ስታዲየም ናይጄሪያ ላይ ቀድመን አግብተን 2 ለ 1 እንደተሸነፍን፣ የመጨረሻዋም በፍጹም ቅጣት ምት እንደነበረች። ያ ጥቅምት ነበር፤ ማዮ በደብሊን በአንድ ነጥብ የተሸነፈው ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ። ቶንዶሱን አጠፉት። በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ። "ዳኛው ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። ያን ቀን 10 ዩሮ ብቻ ነው የተቀበሉኝ።

2021 ደግሞ ፍጻሜው መስከረም 1 ቀን ዋለ፣ የኛው እንቁጣጣሽ። ቤት ዶሮ ተሠርቷል፣ ቄጠማው ባይኖርም ሣር ተጎዝጉዟል። እኔ የማዮ ማሊያ ለብሼ ቴሌቪዥን ላይ ተተክያለሁ። ዘንድሮ ተቃራኒው ታይሮን ነው፣ ደብሊን የለም፣ አዲስ ዓመት ነው፣ ምን ሊሆን ይችላል? ማዮዎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። ራያን ኦዶናሁ መታት፣ ቋሚውን ነክታ ወጣች። ባለቤቴ ወጡን አቅርባ "ብላ እንጂ፣ ዓመት በዓል ነው" አለችኝ። አልወረደልኝም።

እርግማኑን ሳላነሳ ብቀር ሽማግሌው ይቀየሙኛል። ነገሩ አፈ ታሪክ ነው። በ1951 ዋንጫውን ይዘው ሲመለሱ ፎክስፎርድ ላይ ቀብር አጋጠማቸው፤ ከመኪናቸው ሳይወርዱ እየጨፈሩ አለፉ ይባላል። ቄሱም የዚያ ቡድን ልጆች በሙሉ እስኪሞቱ ድረስ ማዮ ዋንጫ አያይም አሉ። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። አያቴ ቀብር ሲያጋጥማቸው ከበቅሎ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር የሚያሳልፉት። ከቡድኑ የመጨረሻው በሕይወት ያለ ተጫዋች ፓዲ ፕሬንደርጋስት ያረፉት በዚያው በ2021 መስከረም ነው፣ ማዮ በታይሮን ከተሸነፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ጨዋታው...። ይህን ሽማግሌው ፊት እንዳትሉ። እኔ ብያቸው ሳምንት አኩርፈውኛል።

ሬዲዮውን ረስቼው። ቀኑን ሙሉ ሚድዌስት ሬዲዮ ነው፤ የዕለቱን ሟቾች በስም፣ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይቀር ያነባል። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። ልክ እንደኛ አገር፣ ጥሩምባው ብቻ ነው የቀረው።

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ራሴ ተቆርጦ ሳለ በመስኮቱ የሬሳ መኪና አለፈ። ሽማግሌው በእርግማን አላምንም የሚሉ ሰው ናቸው። ቶንዶሱን አጥፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ወንበር ላይ የነበሩትም ተነሱ። እኔም አንሶላው አንገቴ ላይ እንደታሰረ፣ ግራዬ ተላጭቶ ቀኜ እንደጎፈረ ተነስቼ ቆምኩ። የመጨረሻዋ መኪና እስክታልፍ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ተመልሰው ትከሻዬን ጫን አደረጉና አስቀመጡኝ። "የት ደርሰን ነበር?"

"1996" አልኳቸው።

"አዎ። ነጥሮ እኮ ነው!"