ሾርትስቶፕ ተስፈኛ ሲገዛ፦ የ18 ዓመቱ ልጅ ወይስ ኮሌጅ ጨራሹ?

በቤዝቦል ዳይናስቲ ፋንታሲ ሊግ ምርጫው እርስዎ ጋር ሲደርስ ሁለት ሾርትስቶፖች (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከሉ ተጫዋቾች) ቀርተዋል እንበል። አንዱ 18 ዓመቱ ነው፣ ሎው-ኤ ይጫወታል (ከዋናው ሊግ በታች ያሉት ደረጃዎች ከታች ወደ ላይ ሎው-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤ፣ ትሪፕል-ኤ ናቸው)፣ ኳስ ሲመታ ድምፁ ብቻውን አንገት ያዞራል። ሌላው 23 ዓመቱ ነው፣ ከኮሌጅ ተመርጦ ደብል-ኤ ደርሷል፤ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም፣ የሚያሳፍርም የለውም። የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ለለመደ ሰው ዳይናስቲ ግር ሊለው ይችላል፤ ተጫዋቹን በየሳምንቱ መቀያየር የለም፣ ለዓመታት ይዘውት ይቆያሉ። የሚገዙትም የዛሬ ሦስትና አራት ዓመቱን ሰው ነው።

ዕድሜን ብቻውን ማየት አይበቃም፣ ከደረጃው ጋር ነው የሚታየው። ሎው-ኤ ውስጥ ብዙው ተጫዋች 20 ወይም 21 ነው፤ ደብል-ኤ 23 እና 24። ስለዚህ የ18 ዓመቱ ልጅ እዚያ .250 ቢመታ (ከአራት ምት አንዱ ቢሳካለት)፣ 22 ዓመቱ ሆኖ እዚያው .300 ከሚመታው ይበልጣል። ኮሌጅ ጨራሹ ከእኩዮቹ ጋር ነው ያለው፤ ሰዓቱን ጠብቋል እንጂ አልቀደመም። ገና ሃይ-ኤ ላይ ቢሆን ኖሮ ከዝርዝሩ እናወጣው ነበር።

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው ስትራይክአውት፣ ማለትም መቺው ስቶ የሚወጣበት ቁጥር፣ ላይ ነው። ቁጥሩን በጨዋታ ሳይሆን በመምቻ ተራ ያካፍሉት። ልጁ በ400 ተራ 112 ጊዜ ስቶ ከወጣ 28 በመቶ ነው። ሎው-ኤ ላይ ይህ ያሳስባል፣ ምክንያቱም እዚያ ያሉ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) በኃይል ይወረውራሉ እንጂ ቦታ አይመርጡም። ደብል-ኤ ላይ ስላይደሩ (የሚታጠፈው ውርወራ) ስትራይክ መስሎ ይመጣና በመጨረሻዋ ቅጽበት ይወርዳል፤ ታች ሆኖ 28 የነበረው እዚያ 35 ሊሆን ይችላል። ኮሌጅ ጨራሹ በደብል-ኤ 17 በመቶ ላይ ካለ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። «ኤሊ ዴ ላ ክሩዝስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሲንሲናቲው ሾርትስቶፕ በ2024 218 ጊዜ ስቶ ወጥቷል፤ ግን 25 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መትቶ 67 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለትም ሳይመታለት ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል። ያን ያህል የሚሮጥ ሰው ብዙ ይታለፍለታል። ልጅዎ እንደዚያ ካልሮጠ ማነጻጸሩን ይተዉት።

ሆም ራን ሲቆጥሩ ሜዳውን ይጠይቁ። ትሪፕል-ኤ ላይ አልበከርኪ ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፣ ሪኖም ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይበራል። የሜዳውንና ከሜዳ ውጭ ያለውን ለያይቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ትሪፕል-ኤን ማለፍም ዋስትና አይሆንም፦ በ2022 ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ጃክሰን ሆሊዴይ በ2024 ወደ ባልቲሞር ሲወጣ በ34 ምት 2 ብቻ አገናኝቶ ወደ ትሪፕል-ኤው ኖርፎልክ ተመልሷል።

አሁን ጓንቱ፣ ማለትም መከላከሉ። ፋንታሲ ለመከላከል ነጥብ አይሰጥም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስህተት ነው፤ ጓንት ለመቺው ትዕግስት ይገዛለታል። የያንኪሱ ሾርትስቶፕ አንቶኒ ቮልፒ በ2023 .209 እየመታ 159 ጨዋታ የተሰለፈው በመከላከሉ ነው፤ በዚያው ዓመት የመከላከል ሽልማቱን ጎልድ ግላቭ ወስዷል። ሾርትስቶፕነቱን የሚያጣ ልጅ ግን ያው ምቱ ከሌሎች ቦታዎች መቺዎች ጋር ይወዳደራል። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነው የፒትስበርጉ ሾርትስቶፕ ኦኒል ክሩዝ በ2024 ወደ መሀል አውትፊልድ ሄዷል።

ይህን ከቪዲዮ ይልቅ ከሜዳ ማየት ይሻላል። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ፍሬድሪክስበርግ የናሽናልስ ሎው-ኤ ነው፣ ቡዊ የኦሪዮልስ ደብል-ኤ። በፈርስት ቤዝ በኩል ተቀመጡ፣ ሾርትስቶፑ ፊት ለፊት ይታያችኋል። ቀኝ መቺ ኳሷን ካገኛት ጀምሮ ፈርስት ቤዙን እስኪረግጥ በአማካይ 4.3 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ የስልክ ሰዓት ይበቃል። ኳሷ ወደ ሦስተኛው ቤዝ በኩል ስትሄድ ቀኝ እግሩን እዩ። ተክሎ ወዲያው ይወረውራል? ወይስ ሁለት እርምጃ ይጨምራል? ሁለቱ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው፤ በግማሽ ሰከንድ ሯጩ 4 ሜትር ይሄዳል።

የስህተት ብዛት ግን አያስደንግጣችሁ። የያንኪሱ ዝነኛ ሾርትስቶፕ ዴሪክ ጂተር በ1993 ገና ታች ሊግ ሳለ ግሪንስቦሮ ላይ 56 ስህተት ሠርቷል፣ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ስህተቱ ከውርወራ ከሆነ እግር አቀማመጥን በማረም ይድናል። ከመጀመሪያ እርምጃ መዘግየት ከሆነ፣ ሰውነቱ ሲሞላ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፤ ሦስተኛ ቤዝ ይጠብቀዋል።

የተጫዋች ካርድ (የሚሰበሰብና የሚሸጥ የታተመ ካርድ) የሚገዛ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። «ፈርስት ቦውማን» የሚባለው ካርድ ተጫዋቹ ገና ታች ሳለ ይወጣል፤ ሩኪ (አዲስ ገቢ) የሚል ምልክት ያለው ዋናውን ሊግ ከረገጠ በኋላ ነው። የሚንረው የወሬ ዋጋ ነው፣ ወሬ ደግሞ የ18 ዓመቱ ልጅ ላይ ነው የሚበዛው። የኮሌጅ ጨራሹ ካርድ ጥሩ ቢጫወትም ብዙም አይነቃነቅም።

ፋንታሲ ላይ ቡድንዎ ዘንድሮና በሚቀጥለው ዓመት ለዋንጫ የሚፎካከር ከሆነ ኮሌጅ ጨራሹን ይውሰዱ፣ ብዙ አያስቡበት። ቡድን እየገነቡ ከሆነ የልጁን ስትራይክአውት በየወሩ ይዘርዝሩ፦ በሚያዝያ 33 በመቶ ሆኖ በነሐሴ 23 ከወረደ እየተማረ ነውና ይግዙት፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ለሌላ ገዢ ይተዉለት።