ሲር ኤክስፕሎረር፦ የልጆች ካንሰርን የሃምሳ ዓመት ጉዞ ለማየት ምን ያህል ይበቃል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በድረ ገጹ ያስቀመጠው፣ የካንሰር ቁጥሮችን በግራፍና በሠንጠረዥ የሚያሳየው ሲር ኤክስፕሎረር ነፃ ነው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገርም የለውም። በዚያች አገር የልጆች ካንሰር ከ1975 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ነፃ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ምርጫዎቹ በወጉ ካልተሞሉ የሚወጣው ግራፍ ያምራል እንጂ አይረባም።

ሥራው የሚጀምረው ከካንሰሩ ዓይነት ነው። "ሁሉም ካንሰር" የሚለውን ይዞ ዕድሜውን ማጥበብ ቀላል ይመስላል፤ ግን አያዋጣም። የአዋቂዎች ካንሰር የሚመደበው በዋናነት በበቀለበት የሰውነት ክፍል ሲሆን የልጆቹ ግን በሕዋሱ ዓይነት ነው። ኒውሮብላስቶማን (ካልጎለበቱ የነርቭ ሕዋሳት የሚነሳውን የሕፃናት ካንሰር) በአዋቂዎች አመዳደብ የሚፈልግ ሰው በተለያዩ የአካል ክፍሎች ስም ተበታትኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ከዝርዝሩ የልጆች ካንሰር የሚለውን ክፍል ይምረጡ፤ እሱ የሚከተለው ዓለም አቀፉን የልጆች ካንሰር አመዳደብ ነው። 12 ዋና ምድቦች አሉት፤ የደም ካንሰር፣ ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር)፣ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ዕጢ፣ ኒውሮብላስቶማ፣ ሬቲኖብላስቶማ (የዓይን ካንሰር) እያለ ይቀጥላል።

ዕድሜ ላይ "ከ15 ዓመት በታች" እና "ከ20 ዓመት በታች" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ15 እስከ 19 ያሉት ሲጨመሩ የታይሮይድ ካንሰር፣ የሆጅኪን ሊምፎማና የዘር ፍሬ ዕጢ አብረው ስለሚገቡ መጠኑ ከፍ ይላል። አንዱን ከሌላ ሪፖርት ቁጥር ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጠኑ ዓይነት ነው። መሣሪያው በቀጥታ የተመዘገበውንም ለሪፖርት መዘግየት የተስተካከለውንም ያሳያል። የምዝገባ ማዕከላት የአንድን ዓመት መረጃ የሚያስረክቡት ዓመቱ ካለቀ 22 ወር ያህል ቆይቶ ነው፤ ያኔም ያልደረሱ ታካሚዎች ይኖራሉ፤ በተለይ የደም ካንሰር ላይ። በቀጥታ የተመዘገበውን የመረጠ ሰው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ መስመሩ ወደ ታች ሲታጠፍ አይቶ "ቀነሰ" ይላል። አልቀነሰም፤ ገና አልተቆጠረም። የተስተካከለውን ይውሰዱ።

የጊዜው ምርጫ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ከ1975 የሚነሳው ረጅሙ መስመር የቆመው እንደ ኮኔቲከት፣ አዮዋ፣ ዩታና ሃዋይ ባሉ ጥቂት ቀደምት የምዝገባ አካባቢዎች ላይ ነው፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ከአሥር አንድ ያህሉን እንኳ በቅጡ አይሸፍኑም። ከ2000 የሚነሳው ግን ግማሽ ገደማውን ይሸፍናል። ለጠቅላላው የልጆች ካንሰር ረጅሙ በቂ ነው። እንደ ጉበት ካንሰር ላሉ ብርቅዬ ዓይነቶች ግን በዓመት የሚቆጠሩት ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ። 16 ታካሚ ብቻ ባለበት ቁጥር የስህተቱ ስፋት አንድ አራተኛ ያህል ነው፤ 100 ሲሆን አንድ አሥረኛ። ከ16 ያነሰ ሲሆን መሣሪያው ራሱ ቁጥሩን ይደብቃል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጨዋነት ነው።

ግራፉ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ነጥቦቹ የየዓመቱ መጠን ናቸው፣ መስመሩ ደግሞ ጆይንፖይንት የሚባለው ስሌት የሚያሰምረው። ስሌቱ መስመሩ የት ላይ እንደታጠፈ ፈልጎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የዓመት ለውጡን በመቶኛ ይሰጣል። ቁጥሩ አጠገብ ያለ ኮከብ (*) ለውጡ በአጋጣሚ የመጣ እንደማይመስል ያመለክታል፤ ኮከብ የሌለውን ቁጥር "ጨመረ" ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። የ2020 ነጥብ ይታያል እንጂ ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ ምርመራ ስለዘገየ ተገቢ ውሳኔ ነው።

የሚወጣው ሥዕል የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ከሚያወጣው ጋር ይገጥማል። ከ15 ዓመት በታች ባሉት ላይ የክስተቱ መጠን (በየዓመቱ አዲስ የሚያዙት ልጆች መጠን) ለአራት አሥርት ዓመታት በዓመት 0.8 በመቶ ያህል ሲጨምር ቆይቶ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ማሽቆልቆል ይዟል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ወጣቶች ላይ ግን መጨመሩ አልቆመም። 0.8 ትንሽ ይመስላል፤ በ40 ዓመት ሲጠራቀም 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሞቱ በተቃራኒው ከ1970 እስከ 2021 በ100,000 ልጅ ከ6.3 ወደ 1.9 ወርዷል።

መሣሪያው የማይነግርዎት ጭማሪው ከየት እንደመጣ ነው፤ ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው። የአንጎል ዕጢ መስመር በ1980ዎቹ አጋማሽ ከፍ ይላል፤ ያ ጊዜ ኤምአርአይ የሚባለው የውስጥ አካል ምስል መቅረጫ ሆስፒታሎች ውስጥ የገባበት ነው፤ ቀድሞ የማይታየው ታየ። ካንሰር ያልሆኑ የአንጎል ዕጢዎችም ከ2004 ጀምሮ እንዲመዘገቡ በሕግ ስለተወሰነ፣ እነሱን የሚጨምርና የማይጨምር መስመር ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይገናኙም። መፈለግ ብቻውን ቁጥር እንደሚያሳድግ ጃፓን አይታዋለች፤ ሕፃናትን በሙሉ ለኒውሮብላስቶማ መመርመር ስትጀምር የክስተቱ መጠን አሻቀበ፣ ሞቱ ግን በዚያው ልክ አልወረደም፤ ምርመራውም ቀረ። ስለዚህ የክስተቱን ግራፍ ባዩ ቁጥር የሞቱንም ግራፍ ከፍተው አጠገቡ ያስቀምጡ። ሁለቱም አብረው ከወጡ ነገሩ ያሳስባል፤ ክስተቱ ብቻውን በድንገት ከዘለለ መጀመሪያ የምዝገባ ደንቡን መመርመር ነው። የሞት ቁጥሩ ከመላው አገሪቱ የሞት ምስክር ወረቀት የተሰበሰበ፣ የክስተቱ ግን ከተወሰኑ አካባቢዎች የመጣ መሆኑ እንዳይረሳ።

መለኪያውም ያወናብዳል። እዚህ የሚቆጠረው በ100,000 ሰው ነው፤ የልጆች ካንሰር ጽሑፎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚሊዮን ይጽፋሉ፤ 17 እና 170 አንድ ናቸው። በዚያ ላይ መሣሪያው የዕድሜ ስብጥር ልዩነት እንዳያሳስት መጠኑን የሚያመዛዝነው በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ አወቃቀር ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ የዓለም መደበኛ ሕዝብ የሚባለውን ይጠቀማል። የሁለቱን ቁጥር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አይክተቱ።

አውራጃ ወይም ክፍለ ግዛት ለይቶ ማየት የሚፈልግ ስቴት ካንሰር ፕሮፋይልስ ወደሚባለው ድረ ገጽ መሄድ አለበት። የልጆችን ዓይነቶች በጥልቀት ለሚሻ ኤንሲሲአር ኤክስፕሎረር የሚባለው የብሔራዊ የልጆች ካንሰር መዝገብ መሣሪያ ይሻላል፤ እስከ 39 ዓመት ያሉትን ይይዛል፣ ሰፊ ሕዝብም ይሸፍናል፤ ወደ 1975 ግን አይመለስም።

ግራፉን በሥዕል፣ ሠንጠረዡን በሲኤስቪ ፋይል (በኤክሴል በሚከፈት የሠንጠረዥ ፋይል) ማውረድ ይቻላል። ሥዕሉን ብቻ አውርዶ መሄድ በኋላ ራስ ምታት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ማስታወሻ፣ በተለይ መረጃው የተረከበበትን ወርና ዓመት፣ አብረው ያስቀምጡ። በየዓመቱ አዲስ መረጃ ሲለቀቅ የቀድሞዎቹ ዓመታት ቁጥሮችም አብረው ይታረማሉ።