የባትሪ ሣር ማጨጃ፦ ባሕር ዳር ላይ ከስምንት ወር በኋላ

ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ የእንግዳ ማረፊያችንን ሣር የምናጭደው በባትሪ በሚሠራ፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው በሚነዱት ማሽን ነው። ይኸው ስምንት ወር ሞላው። ክረምቱን አልፎ አሁን በጋው ላይ ነው። ሰፊ ግቢ ያላቸው ወዳጆቼ "እኛስ ከቤንዚኑ ብንላቀቅ ይሻለን ይሆን?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእኔ መልሱ አዎ ነው። ግን ይህን አዎ ለማለት ያለፍኩበትን ሁሉ ሳልነግራችሁ ገንዘብ እንድታወጡ አልፈልግም።

ግቢያችን ጣና ዳር ነው። ሣሩ ወደ 5,000 ካሬ ይሆናል፤ በባላገር አቆጣጠር ሁለት ጥማድ ግድም ማለት ነው። አብዛኛው ሰርዶ ነው። ከላይ በኩል ሜዳ ነው፣ ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ያቺ ቁልቁለት ብዙ አስተምራናለች።

የድሮው የቤንዚን ማሽን ክፉ አልነበረም። ስድስት ክረምት አገልግሎናል። ያስመረረን ቤንዚኑ ነው። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ እያንዳንዱ አጨዳ ኪስ ይነካ ጀመር። ዋጋውስ ይሁን፣ ማግኘቱ ነው የባሰው። የሣር ማሽን እየነዱ ማደያ አይሰለፉም። ጄሪካን ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ "በጄሪካን አንቀዳም" ትባላላችሁ። መንገድ የተዘጋ ሳምንት ከሆነማ ነዳጁም ጭራሽ አይገባም። ከመግዛታችን በፊት በነበረው ነሐሴ 12 ቀን ሙሉ ሳናጭድ ቀረን። ሣሩ ጉልበት ደረሰ፣ ሙጃው በላዩ ላይ ቆመ። ያኔ ነው የቆረጥኩት።

ቀድሞ ያላሰብኩት አንድ ነገርም ነበር። የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ አየር ይፈልጋል። ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 17 የፈረስ ጉልበት የተባለው ማሽን እዚህ ሲደርስ 14 ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ሩብ የሚጠጋው ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በአየር አይነዳም። የትም ወስዳችሁ ብታስነሱት ጉልበቱ ያው ነው።

ልንገዛ ስንል ሁለት ዓይነት ባትሪ ቀረበልን። አንዱ እንደ መኪና ባትሪ ያለው የሊድ አሲድ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ በየጊዜው የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፣ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ሌላው ሊቲየም ነው፤ አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት። ዋጋው ያስደነግጣል። እኔ የመረጥኩት ሊቲየሙን ነው፣ አልተጸጸትኩም። የኛው 48 ቮልት፣ 75 አምፔር ሰዓት ነው። ሲባዛ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከባዶ ለመሙላት በሙቀት የሚባክነውን ጨምሮ 4 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ላለ ጊዜ ሲጋገርበት የሚበላው ያህል መሆኑ ነው። የድሮው ማሽን ግን በሰዓት 3 ሊትር ይጠጣ ነበር።

ስትገዙ ከማሽኑ በፊት የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። ከአሜሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፣ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ነው። መጀመሪያ ያሳዩን ማሽን እንደዚያ ነበር፤ ሻጩም "ችግር የለውም" ብሎን ነበር። ችግር አለው።

እውነተኛው ፈተና ሐምሌ ላይ መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከሰዓት የስብሰባ እንግዶች ይመጣሉ። ተቻኩለን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀመርን። የሚነዱት አትክልተኛችን ናቸው፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ እጃቸው ሁሉን የሚያውቅ ሰው። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ስለቶቹ ቀጥ አሉ። ቀይ መብራት በራ። ባትሪው ግን ገና 40 በመቶ ነበረው። እኔ ሮጬ ስደርስ ጋሸ ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተዋል። በርከክ ብለው በእንጨት ከሥሩ ጫር ጫር አደረጉና እንደ ተቦካ ጭቃ የተጋገረ አረንጓዴ ሣር በእፍኛቸው አወጡ። እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ በሣር ጭማቂ ተለውሷል።

"እቴ፣ ይኼ ማሽን እኮ አልደከመም" አሉኝ። "እኛው ነን አፉን የጠቀጠቅነው።"

ልክ ነበሩ። ስለቱ ሲጨናነቅ ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ያኔ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ከዚያ ወዲያ አሠራራችንን ቀየርን። ክረምት ላይ ጤዛው እስኪረግፍ፣ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እንጠብቃለን፤ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ እናቆማለን። ስለቱን ከፍ አድርገን ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ እንቆርጣለን። በየአምስት ቀኑ እናጭዳለን፣ ሣሩ እስኪረዝም አንጠብቅም። ቁልቁለቱን ባትሪው ሙሉ እያለ እናስቀድማለን፤ እሱንም ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አንሄድበትም፣ ማሽኑ ሊገለበጥ ይችላል። ወደ ውኃው ጠርዝ ጭራሽ አናስጠጋውም። የቀረውን በእጅ ነው የምናጭደው።

ወረቀቱ "በአንድ ሙሌት 2 ሰዓት ይሠራል" ይላል። እኛ ሐምሌ ላይ ያገኘነው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ግቢውን ለሁለት ቀን ከፈልነው። ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ ሲደርቅና እድገቱ ሲቀንስ፣ በአንድ ሙሌት ጨርሰን ትርፍ ቀረን። የእናንተ ግቢ ከእኛው ሰፋ ካለ ስሌታችሁን በጥቅምቱ ሳይሆን በሐምሌው ሥሩ።

ስለ መብራት መጠየቃችሁ አይቀርም። አዎ፣ ይጠፋል። ግን ሣር ነገን ይጠብቃል። ዛሬ ባይሞላ ነገ ይሞላል፤ ቤንዚን ግን ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ያስቸገረን ሲመለስ ነው። ነሐሴ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ መጣና ቻርጀሩን አቃጠለው። እዚህ የሚሠራልን አላገኘንም። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላክነው፤ እስኪመለስ 16 ቀን ፈጀ። ክረምት ላይ 16 ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሣር ያለው ሰው ያውቃል። በቤንዚን በሚሠራው፣ በትከሻ በሚያዘው ትንሽ ማጨጃ ነው የተወጣነው። አሁን ቻርጀሩ በስታቢላይዘር በኩል ነው የሚሰካው። መብራት ሲጠፋ ይነቀላል። የምንሞላውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ራቱን ሠርቶ መስመሩ ሲረጋ ነው። ደግሞም ከሥራ እንደተመለሰ ትኩስ ባትሪ ላይ ቻርጀር አንሰካም።

በዚህ ማሽን ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይኸው የጥገናው ነገር ነው። ስለቱን ብየዳ ቤት ወስደን እናስለዋለን። ጎማው ሲተነፍስ ጎሚስታ አለ። ካንዴላ የለው፣ ካርቡሬተር የለው፣ ዘይት የለው። ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቢበላሽ ግን የምወስድበት የለኝም። መለዋወጫ አመጣለሁ የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ቢያንስ ተጨማሪ ቻርጀር አብራችሁ ግዙ። እኔ ያኔ ባለመግዛቴ ከፍያለሁ።

ዝምታው ግን! ድሮ እንግዳ ተኝቶ ማጨድ አይታሰብም ነበር። አሁን ጋሸ በረፋዱ መስኮት ሥር ሲያልፉ የሚሰማው የስለቱ ድምፅና የሣሩ መቆረጥ ብቻ ነው። የሐይቁ ወፎች እንኳ ብድግ አይሉም። የታጨደውን ሣር ዘበኛችን ለላሙ ይወስዳል። ድሮ ዘይት ስለሚያንጠባጥብበት እየመረጠ ነበር የሚያነሳው፤ ዛሬ ሁሉንም ይጭነዋል። ይህ ዝምታ ግን አደጋም አለው። ሕፃናት ማሽኑ ሲመጣ ላይሰሙት ይችላሉ። ስለዚህ ልጅ ያላቸው እንግዶች ካሉ አንድ ሰው ከፊት እየሄደ ይጠብቃል። ቁልፉ ሳይነቀል ደግሞ ማንም እጁን ወደ ስለቱ አይሰድም። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው የቆመ ይመስላል።

ግቢያችሁ ከ1,000 ካሬ በታች ከሆነ ይህን ማሽን አትግዙ፤ በእጅ የሚገፋው የባትሪ ማጨጃ ይበቃችኋል። ቦታችሁ በጣም ዳገታማ ከሆነም ይቅርባችሁ። ማርቆስ ያለች ጓደኛዬ ግቢዋ ሜዳ ነው፣ 4,000 ካሬ ይሆናል። ለእሷ ያለ ማመንታት ግዢ ብያታለሁ።

አሁን ታኅሣሥ ነው። በውኃ ስለምናጠጣው ሣሩ አልሞተም፤ በየ15 ቀኑ እናጭዳለን። በመሀል ባትሪውን ሞልተን አናስቀምጠውም፣ ባዶም አናደርገውም፤ 60 በመቶ አካባቢ ላይ፣ ፀሐይ በማይነካው ክፍል ይቆያል። በዓመት ከ80 ጊዜ በላይ የምንሞላው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ባትሪ በደንብ ከተያዘ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል ስለሚባል እኔን የሚያሰጋኝ የሙሌቱ ቁጥር ሳይሆን ሙቀቱና አያያዙ ነው። ያን የሐምሌ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ክረምቱ ሲመጣ በዚያው ሣር፣ በዚያው ቁልቁለት ላይ ሰዓት ይዘን እንለካዋለን።